ወሬው ክፍል ከገባ በኋላ፦ ለጅማ ወጣት መምህራን

ልጆቼ፣

ሰው በሃይማኖቱ ወይም በብሔሩ ተለይቶ ሲጠቃ፣ በማግስቱ ጠዋት ተማሪዎቹ ፊት የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። ጅማ ላይ ደግሞ የኦሮሞው፣ የዳውሮው፣ የየሙ፣ የከፋው፣ የአማራውና የጉራጌው ልጅ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ዴስክ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ክፍል ገብቷል። ምንም እንዳልሆነ ደብተር አስወጥታችሁ ትምህርት ከጀመራችሁ፣ ዝምታችሁን አንዱ "መምህራችን የእነሱ ወገን ነው" ብሎ ይፈታዋል፤ ሌላው "የእኛ ሰው ሲሞት አያሳዝንም ማለት ነው" ይላል።

ስለዚህ ቅድሚያ ተናገሩ፤ ከ10 ደቂቃ ግን አይለፍ። ምን እንደሰሙ ጠይቁና የተረጋገጠውን ብቻ በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው፦ ምን እንደደረሰ፣ ድርጊቱ በደል መሆኑን፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ማን እንደሚጠብቃቸው። ክፍሉ ድብልቅ ከሆነ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ድገሙት። ያደረጉትን ሰዎች "ያደረጉት ሰዎች" በሉ፤ የሕዝብ ስም አትጥሩ። ቪዲዮ አታሳዩ።

በብዛት የማየው ስህተት ከተጠቃው ወገን የሆነውን ልጅ አስነስቶ "ምን ተሰማህ?" ማለት ነው። በቅን ልብ ነው የሚደረገው፤ ልጁን ግን 60 ተማሪ ፊት የወገኑ ተጠሪ ያደርገዋል። በእረፍት ሰዓት ለብቻው "ወደ ቤት ከማን ጋር ነው የምትሄደው? የሚያስፈራህ ቦታ አለ?" ብላችሁ ጠይቁት። ልጆችን አሰልፎ "ይቅር ተባባሉ" ማሰኘትም ይቅርባችሁ፤ ያልበደለው ልጅ ይቅርታ ሲጠይቅ ጥፋተኛ መሆኑን ይማራል። ግድግዳ ላይ ስድብ ከተጻፈ ርዕሰ መምህሩ አይተውት በዚያው ቀን ይጥፋ፤ የተሰደበው ልጅ ግን እንዳያጠፋው። እናንተም በየቴሌግራሙ የምታጋሩትን አስተውሉ፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሰራጭ የጥላቻ ንግግርን ይከለክላል።

ስብከት ብቻውን ልጅን ከልጅ አያቀራርብም። የሚያቀራርበው አንዱ ያለሌላው የማይጨርሰው ሥራ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ኦስቲን ከተማ፣ ጥቁር፣ ነጭና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች አንድ ክፍል ሲገቡ ጸብ በዛ፤ የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሊየት አሮንሰንና ረዳቶቹ ትምህርቱን እየቆራረጡ ለየልጁ አንድ አንድ ቁራጭ መስጠት ጀመሩ። እኛ ጋ ቡናን ውሰዱ፦ ለቀማ፣ ማድረቅ፣ ጀንፈሉን መፈልፈል፣ መቁላትና መውቀጥ፣ ማፍላት። 60 ተማሪ 12 ምድብ ይሆናል፤ በየምድቡ 5 ልጅ፣ ለየልጁ ከአምስቱ ሥራ አንዱ የተጻፈበት አንድ ወረቀት። ምድቡን እናንተ ደልድሉ፤ ለልጆቹ ከተዋችሁት በሰፈርና በቋንቋ ይከፋፈላሉ።

ከ40 ደቂቃው በ8ቱ ወረቀታቸውን ያንብቡ። በ12ቱ አንድ ዓይነት ወረቀት የያዙት ተሰብስበው ይመካከሩ፤ 12 ስለሚሆኑ ስድስት ስድስት አድርጓቸው። በ15ቱ ወደ ምድባቸው ተመልሰው እያንዳንዱ 3 ደቂቃ ያስተምር። በቀሪው 5 ደቂቃ ከአምስቱም ወረቀት ጥያቄ አውጡ። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው፣ ሰዓት አጠረ ተብሎ መሃሉ ምክክር ሲዘለል ነው፤ ያን ጊዜ ማንበብ የሚከብደው ልጅ ሳይዘጋጅ ምድቡ ፊት ይቀርባል፣ ይሳቅበታል፣ የነበረው ንቀት ይብሳል። በአንድ ቀን ለውጥ አትጠብቁ፤ ምድቡን ሳትበትኑ ሳምንታት አቆዩት።

ልጆችን ልቅሶ ቤት መውሰድ ካሰባችሁ መጀመሪያ ቤተሰቡን በእድሩ ዳኛ በኩል አስጠይቁ፤ የልጆቹንም ወላጆች አስፈቅዱ። አምስት ስድስት ልጅ ይበቃል፣ ሩብ ሰዓት ተቀምጠው ይነሱ። ሲገቡ የሚሉትን ለቤቱ ሰው በሚስማማው ቋንቋና ወግ አስቀድማችሁ አስጠኗቸው። ፎቶ አይነሳ።

ወረቀቱን ስታድሉም፣ ልቡ ለተሰበረው ልጅ የማፍላቱን ስጡት። ጀበናው፣ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እሱ እጅ ላይ ይሁን፤ አራቱ ጓደኞቹ የእሱን ተራ ይጠብቃሉ።