ሦስት ሳምንት ያልደረቀ የተልባ ዘይት

የዛሬው ጥያቄ ከሚኒሶታ ነው። ጠያቂያችን ያገለገለ አንሹትዝ 64 ገዝቷል። ባለ ቦልት (በእጅ የሚጎተት መዝጊያ ያለው)፣ 22 ካሊበር የዒላማ ጠብመንጃ ነው፤ ክለቡ ውስጥ 50 ሜትር ላይ ይተኩስበታል። የእንጨቱ ቫርኒሽ ስለተላጠ ፍቆ አነሳውና ከግሮሰሪ የገዛውን የተልባ ዘይት ቀባው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ውስጡንም ውጩንም አጥግቤ ነው የቀባሁት። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አሁንም እጅ ላይ ይጣበቃል። ያለው ጋራዥ ውስጥ ነው። ይባስ ብሎ ጥይቶቹ ከድሮው ቦታቸው ወደ ቀኝ ሸሹ፣ መበታተንም ጀመሩ። የማነጣጠሪያ መነጽሩን ልቀይረው? ደግሞ ዋልነት ነው ብለው የሸጡልኝ እንጨት ሲፋቅ ነጣ ብሎ ወጣ። ተበላሁ ማለት ነው?»

ወንድሜ፣ መነጽሩን ተወው፣ ገንዘብህን ያዝ። መጣበቁም መሸሹም የመጡት ከዚያው ጠርሙስ ይመስለኛል።

የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠጥረው። ለምግብ የሚሸጠው ምንም ማድረቂያ ስለሌለበት፣ በስሱ ተቀብቶ እንኳ ብዙ ቀን ይፈልጋል። አንተ ደግሞ አጥግበህ ቀባኸው፣ ከዚያ በሚኒሶታ ብርድ ጋራዥ ውስጥ አቆምከው። ላዩ ቆዳ ያወጣል፣ ሥሩ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ቆዳው አየር ስለሚከለክለው እስከ ፋሲካ ብትጠብቅም ያው ነው።

እንግዲህ ማንሳት ነው። መጀመሪያ ቦልቱን አውጣና ጥይት አለመኖሩን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ብረቱን ከእንጨቱ ለይተህ ቆልፍበት፤ የምንሠራው እንጨቱን ብቻ ነው። ጨርቅ በሚኒራል ስፒሪት (ከቀለም መደብር የሚገኝ የቀለም ማቅጠኛ) አርሰህ የሚያጣብቀውን ጥረግ። ካልለቀቀ በዚያው ፈሳሽ የራሰ ሻካራ የናይለን ፓድ ተጠቀም። ጥርብ መያዣ ካለው በጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልክ፤ እዚያ ብርጭቆ ወረቀት እንዳይደርስ። ሲያልቅ ቤት ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ አቁመህ ጥቂት ቀን አድርቀው።

የተጨፈለቀ ቦታ ካለ ከመፈቅፈቅህ በፊት እርጥብ ጨርቅ አድርግበትና በጋለ ካውያ ነካ ነካ አድርገው። እንፋሎቱ የተጫነውን እንጨት መልሶ ያነሳዋል። ተቆርጦ የወጣ ከሆነ ግን አይነሳም። ከዚያ 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 320። በመካከሉ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሰው፤ የእንጨቱ ጸጉር ይቆማል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀቱ ትቆርጠዋለህ። አንድ ነገር አደራ፦ ብረትና እንጨት የሚገናኙበትን ጠርዝ አትፈቅፍቅ። ፋብሪካው እኩል አድርጎ ያስተካከለው ነው፣ አንዴ ከጎደለ አይመለስም።

የእንጨቱ ነገር። አንሹትዝ በ1856 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ዜላ ሜሊስ የተመሠረተ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኡልም ከተማ እንደገና የተነሳ ቤት ነው። እነሱም እንደ ሌሎቹ የአውሮፓ ፋብሪካዎች የብዙ ጠብመንጃ እንጨት ቢች ከሚባል ዛፍ ይሠራሉ። ቢች በተፈጥሮው ፈዛዛ ስለሆነ ጥቁረቱ ያለው ላዩ ላይ በተቀባው ቀለም ነው። ወደ መስኮት ይዘኸው ቅረብ። የተበታተኑ አጫጭር ቡናማ ሰረዞች ካየህ ቢች ነው። ዋልነት ቢሆን በዓይን የሚታዩ ረዣዥም ክፍት ቀዳዳዎች ይኖሩት ነበር። ቢች ከሆነ ሻጩ ዋጋው ላይ ቆልሎብህ ይሆናል። አተኳኮሱ ላይ ግን ምንም አያጎድልብህም፣ ቢች ጠንካራ እንጨት ነው። ጠቆር እንዲልልህ ከፈለግህ በውሃ ወይም በአልኮል የሚሟሟ የእንጨት ማቅለሚያ ውሰድ። ተራው ወፍራም የእንጨት ቀለም (ስቴይን) ቢች ላይ ዥንጉርጉር ይሆናል። መጀመሪያ ከሰደፉ ክዳን ሥር፣ የማይታየው ቦታ ላይ ሞክረው።

አሁን ዘይት። ከቀለም መደብር «ቦይልድ» የሚለውን የተልባ ዘይት ግዛ። ማድረቂያ ብረታ ብረት ስለተጨመረበት አይበላም፤ ከወጥ ቤት አርቀው። ትንሽ ጠብ አድርገህ በመዳፍህ እሸው፣ ሩብ ሰዓት ቆይተህ የቀረውን በሙሉ ጥረግ። በሙሉ ያልኩት የምሬን ነው፤ እንጨቱ ላይ የሚቀር የሚመስል ነገር እንዳይኖር። በቤት ሙቀት ቢያንስ አንድ ቀን ጠብቀህ ድገም። አራት አምስት ስስ ቅብ ካንድ ወፍራም ይሻላል።

የጠረግህበትን ጨርቅ ጠቅልለህ ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥል! ዘይቱ ሲጠጥር ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ጊዜ እሳት ይነሳበታል። ደጅ ዘርግተህ አድርቀው፣ ወይም ውሃ የሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ክተተው። ቤት ያቃጠለ ነገር ነው፣ ቀልድ አይደለም።

ወደ ቀኝ የሸሸብህ ደግሞ አፈሙዙ ከሚተኛበት ቦይ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ጠብመንጃ አፈሙዙ በአብዛኛው እንጨቱን ሳይነካ ነው የሚቀመጠው። አንተ በአንድ ጎን ዘይት ስትቆልልበት እንጨቱ መጫን ጀመረ ማለት ነው። ብረቱን መልሰህ ስትገጥም ተራ የጽሑፍ ወረቀት ከአፈሙዙ ሥር አስገብተህ ወደ ኋላ ሳበው። የሚይዝበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግ፣ ብረቱን አውጣ፣ ብርጭቆ ወረቀት ክብ እንጨት ላይ ጠቅልለህ እዚያ ብቻ ቀስ ብለህ ፈቅፍቅ። ወረቀቱ ሳይነካ ካለፈ ይበቃል፣ ቦይ አትቆፍር።

ውስጡን በዘይት አትቀባ። የተልባ ዘይት ላዩን ያሳምራል እንጂ የአየርን እርጥበት አይከለክልም። ለቦዩና ለሰደፉ ጫፍ ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ቫርኒሽ አቅጥነህ አንድ ሁለት ጊዜ ቀባ። የብረቱ አካል የሚያርፍበትና ብሎኑ የሚገባበት ቦታ ግን ባዶውን ይቆይ፤ እዚያ ቅብ ከተከመረ ብረቱ አቀማመጡ ይዛባል።

ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩትን ሁለቱን ብሎኖች በግምት አታጥብቅ። እያፈራረቅህ ጥቂት ጥቂት አጥብቅና በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) 5 ኒውተን ሜትር ላይ አቁም፤ ወደ 44 ኢንች ፓውንድ ማለት ነው። እንጨቱ አሮጌ ስለሆነ ሲጨፈለቅ ካየህ ከዚያ በታች ቁም። ዋናው ሁለቱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ነው። ከዚያ ተኩሰህ አይተህ ነው መነጽሩን የምታስተካክለው።

አፈሙዙ ላይ ዝገት ብጤ ካለ በጠብመንጃ ዘይት ያራስከው የነሐስ ሱፍ ይበቃዋል። ጥቁር ቀለሙን እንደገና ማስነከር ካማረህ ለጠመንጃ ሠሪ ስጠው፤ በጋለ ካስቲክ የሚሠራ ነው፣ የጋራዥ ሥራ አይደለም። ማንም ቢሠራው የመለያ ቁጥሩ እንዳይፈቀፈቅ ንገረው፣ አሜሪካ ውስጥ ወንጀል ነው። ቃታውንም አትፍታው። አንሹትዝ ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ በልክ የተስተካከለ ነው፣ ያንተ ችግር እዚያ አይደለም።