አጤ ፋሪስ የት ነገሠ?

ከቢቸና የጻፉልን አንባቢ እንዲህ ይጠይቃሉ፦ «አያቴ ጭርት ለወጣበት ሰው ቀጥቅጣ የምትቀባውን የጓሮ አረም አስተናግር ትለዋለች። ከተማ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ አጤ ፋሪስ ይሉታል። ትክክሉ የትኛው ነው? አጤ ከሆነስ የት ነገሠ?»

የትም አልነገሠም። ቃሉ ዕፀ ፋርስ ነው። ዕፅ በዘርፍ ሲያያዝ እንደ ዕፀ በለስ ዕፀ ይሆናል። ፀሐይን ጠሐይ፣ ጾምን ጦም የሚል አንደበት ዕፀን እጠ ማለቱ አይቀርም፤ ከእጠ እስከ አጤ ያለው መንገድ አጭር ነው። የሚያስቀው የንጉሡ አጤም ከጥንቱ ሐፄ በዚሁ ወንፊት የወረደ መሆኑ ነው። የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት አንድ መልክ ይዘው ወጡ።

ጠቡ ያለው ፋሪስ ላይ ነው። በዐረብኛ ፋሪስ ፈረሰኛ ማለት ስለሆነ «የፈረሰኛ ዕፅ» የሚሉ አሉ። እኔ የፋርስ አገር ነው እላለሁ። የዕፅዋት ሊቃውንት የተክሉ ትውልድ አሜሪካ ነው ቢሉም አልደነግጥም፤ የአውስትራሊያውን ተክል ባሕር ዛፍ፣ በቆሎን የባሕር ማሽላ ያልን እኛው ነን። እንግዳ ተክል የሚሰየመው መጣበት በተባለው መንገድ ነው። ይህ ማስረጃ ነው ወይስ ምኞት? ግማሹ ምኞት ነው፤ ፈረሰኛው ግን ለጆሮዬ አይጥመኝም።

ከሁሉም የአያትዎ ይበልጥብኛል። አስተናግር ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ እንደ ግዛቸውና እንደ ጥላሁን በትእዛዝ የተሰየመ። ፍሬውን የቀመሰ ሰው የሌለ ያያል፣ ከማይታይ ጋር ያወራል። ስሙ ምልክቱን አስቀድሞ ይነግርዎታል፤ ፋርስ ግን ምን ይነግርዎታል? የቅኔ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው ይጠጣዋል እየተባለ በጎጃም የሚወራለት አብሾም ከዚሁ ተክል ነው ይባላል፤ ጠጥቶ የሚያውክን ሰው «አብሾ አለበት» የምንለው ለዚህ ነው። (ለጥርስ ሕመም የፍሬውን ጢስ የሚታጠኑ አሉ። መዋጡን ግን ለማንም አይምከሩ፤ ይገድላል።)

ይሁንና ዛሬ ገበያ ወጥተው «ዕፀ ፋርስ አለ?» ቢሉ የሚሰማዎት አያገኙም። አጤ ፋሪስ ረትቷል፤ ወድጄ ሳይሆን ተሸንፌ እቀበለዋለሁ። በዐይኑ ዐ እና በፀሐዩ ፀ «ዐፄ ፋሪስ» ብሎ ዘውድ የሚጭንለትን ጸሐፊ ግን አልምረውም።