መልስ፦ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ቅርጹ ለምን ይለያያል?

«አንድ ዓይነት ዓሣ ሆኖ ሳለ የወንዙ ቀጭን፣ የሐይቁ ሰፊ የሚሆነው ለምንድነው?» ላልከው፣ አንዱ ምክንያት የውሃው ግፊት ነው። ወንዝ ይገፋል። ቀኑን ሙሉ ከውሃ ጋር የሚታገል ዓሣ ሾል ያለ ቢሆን ጉልበት ይቆጥባል። አሜሪካ ውስጥ ወንዝ ተገድቦ ውሃው ሲረጋ ብላክቴይል ሻይነር የምትባል ትንሽ ዓሣ ከጀርባ እስከ ሆዷ ሰፍታ፣ ጭንቅላቷም አንሶ ተገኝቷል።

ግን ይህን እንደ ሕግ አትያዘው! ስቲክልባክ የምትባለው፣ ጀርባዋ ላይ 3 እሾህ ያላት ዓሣ ነገሩን ትገለብጠዋለች። ካናዳ፣ ቫንኩቨር ደሴት ላይ የሐይቆቹ ቀጠን ያሉ ናቸው፣ ሰፋ የሚሉት የጅረቶቹ ናቸው። ለምን? ምግብ ነዋ። የሐይቋ ክፍት ውሃ ላይ ፕላንክተን (ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት) ስታሳድድ ስለምትውል ብዙ መዋኘት አለባት፣ ስንጥቧ (መተንፈሻዋ) ላይ ያሉት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ማጥለያዎችም ብዙና ረጃጅም ናቸው። የጅረቷ ግን ከታች ከድንጋዩና ከሣሩ መሃል ነፍሳት እየለቀመች ነው የምትኖረው፣ ስለዚህ ከርቀት ይልቅ ቶሎ መታጠፍ ይጠቅማታል፣ ለዚያ ደግሞ ሰፋ ያለ አካል ይመቻል።

ምግብ ቅርጽን እንደሚወስን ለማየት ሩቅ ሳንሄድ ባርባስ የሚባሉትን የጣና ዓሦች እይ። 15 ያህል ዝርያ አንድ ሐይቅ ውስጥ እየኖሩ፣ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉት ረዘም ያሉ፣ አፋቸውም ትልልቅ ነው።