ለኬረላ ሲቪል ሰርቪስ ፈተና ብዬ ሥራዬን ልልቀቅ?

ጠያቂያችን 27 ዓመቷ ነው። እናቷ ኢትዮጵያዊት ናቸው። አባቷ ለማስተማር አዲስ አበባ መጥተው እዚያው ትዳር የያዙ፣ የደቡብ ህንዷ ክፍለ ሀገር የኬረላ ሰው ናቸው። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አዲስ አበባ ተምራ ዲግሪዋን የኬረላ ከተማ በሆነችው ኮቺ ያዘች። አሁንም እዚያው በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ክፍል ትሠራለች። ፓስፖርቷ የህንድ ነው። የኬረላ አስተዳደር አገልግሎትን፣ በአጭሩ ኬኤኤስ የሚባለውን ፈተና መውሰድ ትፈልጋለች። «ጓደኞቼ ሥራሽን ልቀቂና ዋና ከተማው ትሪቫንድረም ሄደሽ ኮቺንግ (የፈተና ማዘጋጃ ትምህርት) ግቢ ይሉኛል» ትላለች። «የኬረላን ቋንቋ ማላያላምን እንደ ልቤ እናገራለሁ፤ ማንበብ ላይ ግን ገና ፊደል ቆጣሪ ነኝ። ሲለበሱን (የፈተናውን የትምህርት ዝርዝር) ሳየው ያልገባበት ነገር የለም። ከየት ልጀምር? የኦሲአይ ካርድ (ለትውልደ ህንድ የውጭ ዜጎች የሚሰጠውን) የያዘው ወንድሜስ መፈተን ይችላል?»

እህቴ፣ ከዋናው ልጀምርልሽ። ሥራሽን አትልቀቂ።

ይህን የምልሽ ፈተናው ስለሚከብድ አይደለም፤ እሱስ ይከብዳል። የምፈራው የሚመጣበትን ጊዜ ነው። የኬረላ የመንግሥት ሠራተኞች ቅጥር ኮሚሽን፣ በአጭሩ ፒኤስሲ፣ የመጀመሪያውን የኬኤኤስ ማስታወቂያ ያወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2019 ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)። የማጣሪያው ፈተና፣ ፕሪሊምሱ፣ ፌብሩዋሪ 2020 ተሰጠ። ዋናው ፈተና፣ ሜይንሱ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሆነ። ውጤቱ የወጣው ኦክቶበር 2021 ነው። ሁለተኛው ማስታወቂያ ደግሞ ማርች 2025 መጣ። እስቲ አስቢው፤ በ2021 መጨረሻ ሥራውን ለቆ ኮቺንግ የገባ ልጅ ቀጣዩን ማስታወቂያ እስኪያይ ከሦስት ዓመት በላይ የቤተሰብ እጅ እያየ ተቀምጧል ማለት ነው።

አንቺ 27 ነሽ። ከመንግሥት ሥራ ውጭ ሆኖ በቀጥታ ለሚያመለክት ሰው የዕድሜ ገደቡ ከ21 እስከ 32 ነው። ኦቢሲ ለሚባሉት ኋላ የቀሩ ማኅበረሰቦች 3 ዓመት፣ ኤስሲና ኤስቲ ለሚባሉት በታሪክ የተገለሉ ማኅበረሰቦችና ነገዶች 5 ዓመት ይጨመራል። እንደ ባለፈው ከዘገየ ዕድሜሽ ሳያልፍ የምታገኚው ዕድል አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ዕድል ደሞዝ አይጣልም።

አሁን ብዙ ሰው ልብ የማይለውን ነገር ልንገርሽ። ኬኤኤስ ሦስት በር አለው። አንደኛው አንቺ ያየሽው ነው። ሁለተኛው አስቀድመው በኬረላ መንግሥት ቋሚ ሥራ ላይ ላሉ ሠራተኞች የተከፈተ ሲሆን የዕድሜ ጣሪያው 40 ነው። ሦስተኛው ለከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊዎች ስለሆነ እንተወው። በመጀመሪያው ዙር ካለፉት 105 ሰዎች ከየበሩ 35 ነበሩ። ስለዚህ ፒኤስሲ ዲግሪ ላላቸው የሚያወጣቸውን ሌሎች ፈተናዎች፣ ለምሳሌ የሴክሬታሪያት ረዳት የሚባለውን መደብ፣ አትናቂ። ከኬኤኤስ ቶሎ ቶሎ ይወጣሉ፤ ሲለበሳቸውም ብዙው ይገጥማል። አንዱን አልፈሽ ቋሚ ከሆንሽ የኬኤኤስ ዕድልሽ ከ32 ወደ 40 ይሸጋገራል። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ይህንን መንገድ ነበር የምይዘው።

ወደ ሲለበሱ እንምጣ። «ያልገባበት የለም» ያልሽው እውነት ነው። ግን ማርኩን ከጎኑ ስትጽፊበት ይቀንሳል። ፕሪሊምስ ሁለት ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ 100 ማርክና 90 ደቂቃ አለው። የመጀመሪያው ላይ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ያለው የህንድ ታሪክ፣ የኬረላ ታሪክና ባህላዊ ቅርስ፣ የዓለም ታሪክ፣ ሕገ መንግሥትና አስተዳደር፣ ጂኦግራፊ፣ ቀላል ሒሳብና ሎጂክ ይጠየቃል። ሁለተኛው ላይ ኢኮኖሚና ዕቅድ፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ወቅታዊ ጉዳይ 50 ማርክ ይይዛሉ። የቀረው 50 ቋንቋ ነው፤ ማላያላም 30፣ እንግሊዝኛ 20።

የፕሪሊምስ ማርክ ለማጣሪያ ብቻ ነው። ደረጃሽን የሚወስነው ሜይንስና ቃለ መጠይቁ ነው። ሜይንስ ሦስት ወረቀት ነው፣ እያንዳንዱ 100 ማርክ፣ እያንዳንዱ 2 ሰዓት። አንደኛው ታሪክና ቅርስ ነው። ሁለተኛው ሕገ መንግሥት፣ አስተዳደር፣ ዓለም አቀፍ ግንኙነት፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይዟል። ሦስተኛው ኢኮኖሚ፣ ዕቅድና ጂኦግራፊ ነው። መልስ የሚመረጥበት ጥያቄ የለም፣ ሁሉም በጽሑፍ ነው፤ በእንግሊዝኛ መመለስ ይፈቀዳል። የቃለ መጠይቁ ድርሻ ከ300ው አንጻር ትንሽ ነው። ለሱ አሁን አትጨነቂ።

ስለዚህ ማላያላም የሚያሰጋሽ ፕሪሊምስ ላይ ነው። 30 ማርክ ግን ቀላል አይደለም። ማጣሪያ ላይ አንድና ሁለት ማርክ ሰው ይጥላል። የሚጠየቀው ደግሞ የምትናገሪው የቤት ማላያላም አይደለም። የቃላትና የዓረፍተ ነገር እርማት፣ ትርጉም፣ ተመሳሳይና ተቃራኒ፣ ፈሊጥ፣ ቃል ማጣመርና መነጠል ነው። ይህ የሚለመደው በማንበብ ብቻ ነው።

ደግነቱ አንቺን በፊደል አሳድገውሻል። ማላያላምም እንደኛው ተነባቢውን ይዞ አናባቢውን በቅጥያ ያሳያል። የፈረንጅ ፊደል ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈጅበታል፤ አንቺ ግን ሀሁን ስትቆጥሪ ነው የለመድሽው። የሚያደናግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። እኛ «ኬ» ስንጽፍ ምልክቱ ከ«ከ» እግር ቀኝ ይንጠለጠላል። በማላያላም ግን የ«ኤ» ድምፅ ምልክት ከተነባቢው በፊት፣ በግራ በኩል ይጻፋል፤ ሲነበብ ደግሞ ከኋላው ነው የሚነበበው። ዓይንሽ ይህን እስኪለምድ ነው የምትንተባተቢው። ከዚያ የተጣመሩት ፊደላት ይቀራሉ። የኬረላን የታችኛ ክፍል የትምህርት ቤት መጽሐፍ ያዢና ድምፅ እያወጣሽ አንብቢ። አባትሽ በስልክም ቢሆን ያርሙሽ። አስተማሪ አይደሉ? ለአስተማሪ ከዚህ የበለጠ ደስታ የለም። ቀጥለሽ በየቀኑ አንድ የጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ ጨምሪበት።

ይህ ድካም ሌላም ቦታ ይከፍልሻል። ጎን ለጎን የማዕከላዊውን መንግሥት የዩፒኤስሲ ፈተና ማሰብሽ አይቀርም፤ እሱ በየዓመቱ ይሰጣል። የዕድሜ ጣሪያው ለጠቅላላ ተወዳዳሪ እዚያም 32 ነው፤ ሙከራው ግን 6 ጊዜ ብቻ ነው። ሜይንሱ ላይ 300 ማርክ ያለው የህንድ ቋንቋ ወረቀት አለ። ማርኩ ባይደመርም 25 በመቶ ካላመጣሽ ሌላው ወረቀትሽ አይታይም። እዚያ ማላያላም ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም ግድ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ሰዓት ልትሰጪው ወደሚገባው ልውሰድሽ፤ የኬረላ ታሪክ ነው። አንቺ አዲስ አበባ ስለተማርሽ እዚህ ላይ ከሌሎቹ ወደኋላ ነሽ። የኮቺ ልጅ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የሚያውቀውን አንቺ ገና ልትሰሚው ነው። ከእንግሊዝ ዘመን ጀምሪ። ያኔ ከዛሬዋ ኬረላ ትራቫንኮርና ኮቺን በራሳቸው ንጉሥ ሲተዳደሩ፣ ማላባር በቀጥታ በእንግሊዝ ሥር ነበር። በ1891 የትራቫንኮር ተወላጆች «የመንግሥት ሥራ ለውጭ ሰው ለምን ይሰጣል» ብለው ለንጉሡ አቤት አሉ። የማላያሊ ሜሞሪያል የሚባለው ይህ ነው (የመንግሥት ሥራ ጥያቄ እዚያ ምን ያህል የቆየ እንደሆነ እይው)። በ1924 ቫይኮም በምትባል የትራቫንኮር ከተማ፣ ዝቅተኛ የሚባሉት ካስቶች (የትውልድ መደቦች) በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ባለው መንገድ እንኳ እንዳያልፉ መከልከላቸውን በመቃወም ሳትያግራሃ (ሰላማዊ ተቃውሞ) ተነሣ፤ በቀጣዩ ዓመት ጋንዲም መጡ። በ1936 የትራቫንኮር ማሃራጃ ቤተ መቅደሶቹን ለሁሉም ሂንዱ ከፈቱ። 1936 ለኛ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ስለሆነ አይጠፋሽም። በ1956 በማላያላም ቋንቋ ዙሪያ ኬረላ ክፍለ ሀገር ሆነች። በ1957 ኮሚኒስቶች በምርጫ ሥልጣን ያዙ፤ ከዚያ የመሬት ማሻሻያው መጣ። በ1996 ዕቅድ የማውጣቱን ሥልጣን ወደ አካባቢ ምክር ቤቶች ያወረደው የሕዝብ ዕቅድ ዘመቻ፣ በ1998 ኩዱምባሽሪ የተባለው የሴቶች የድህነት ቅነሳ ፕሮግራም መጡ።

ይህን ቅደም ተከተል ከያዝሽ ሦስት ወረቀት ላይ ትጠቀሚበታለሽ። ቫይኮም በታሪክ ይመጣል። የሕዝብ ዕቅዱ በአስተዳደር፣ ኩዱምባሽሪ በኢኮኖሚ ይመጣሉ። ለኢኮኖሚው የክፍለ ሀገሩ የዕቅድ ቦርድ ከበጀት ጋር በየዓመቱ የሚያወጣውን ኢኮኖሚክ ሪቪው አንብቢ። ኮቺንግ ቤቶች ከሱ ቀድተው ነው ኖት ብለው የሚሸጡልሽ፤ በነፃ ይገኛል። ስለ ገልፍ ሪሚታንስ (ሠራተኞች ከዓረብ አገር ስለሚልኩት ገንዘብ) ያለውን ክፍል ስታነቢ ደግሞ የሐበሻ ልጅ ነሽና አዲስ አይሆንብሽም። ጂኦግራፊ ላይ ብዙ አትቆዪ፤ 14 ወረዳዎች፣ 44 ወንዞች፣ ከነሱ ወደ ምሥራቅ የሚፈሱት ሦስቱ ብቻ፣ ይህን የመሰለውን ካርታ ላይ እያየሽ ያዢው።

የምትበልጫቸው ቦታም አለ። የዓለም ታሪክ ላይ ቅኝ አገዛዝና የመንግሥታቱ ማኅበር ሲነሣ፣ ሌላው በቃል የሸመደደውን አንቺ ከዓድዋ እስከ ጄኔቭ አቤቱታ እንደ ቤትሽ ወሬ ታውቂዋለሽ። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ከህንድ ጋር ብሪክስ ውስጥ ናት፤ ይህም ለዓለም አቀፍ ግንኙነት መልስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግን መልስሽን ሁሉ በኢትዮጵያ አትሙዪው፤ የተጠየቅሽው ስለ ኬረላ ነው።

ስለ አፈታተኑ ሁለት ነገር። ፕሪሊምስ ላይ የተሳሳተ መልስ የማርኩን ሲሶ ይቀንሳል። አራት ምርጫ ባለበት ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትመቺ በአማካይ ትርፍሽም ኪሳራሽም ዜሮ ነው። አንዱን ምርጫ «ይህ አይሆንም» ብለሽ በእርግጠኝነት ከጣልሽ ግን ግምት ማትረፍ ይጀምራል፤ ሁለት ከጣልሽ ያለ ጥርጥር ገምቺ። ምንም የማታውቂውን ዝለዪው፤ ሰዓቱም አይበቃሽም፣ ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ እንኳ የለሽም። ሜይንስ ላይ ደግሞ 120 ደቂቃ ለ100 ማርክ ማለት፣ ለአንድ የ5 ማርክ መልስ 6 ደቂቃ ነው። በእጅሽ እየጻፍሽ ሞባይልሽ ላይ 6 ደቂቃ ሙዪና ሞክሪው። መጀመሪያ ቀን መግቢያውን ሳትጨርሺ ይደውልብሻል። ስለዚህ መግቢያ ይቅር፤ መልሱን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጻፊው።

ከሥራ ጋር እንዴት ይሆናል? ጠዋት ከሥራ በፊት ማላያላም፣ ማታ አንድ የሲለበስ ርእስ፣ ቅዳሜ መልስ መጻፍ። ኮቺንግ ካማረሽ የቅዳሜና እሑዱን ወይም የኦንላይኑን ያዢ፤ ከሱም የምትፈልጊው የሞዴል ፈተናውንና የጻፍሽውን የሚያርምልሽን ሰው ነው። ትምህርቱን ራስሽ ማንበብ ትችያለሽ።

አሁኑኑ የምትሠሪው አንድ ነገር አለ። የፒኤስሲው ቱላሲ የተባለው ድረ ገጽ ላይ የአንድ ጊዜ ምዝገባሽን ጨርሺ። ስምሽ በፓስፖርትሽና በዲግሪሽ ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን እይ፤ የኛ ስም አጻጻፍ ብዙ ሰው ያጉላላል። ማስታወቂያ ወጥቶ ካመለከትሽ በኋላም አልጨረስሽም። ከፈተናው በፊት «እፈተናለሁ» ብለሽ ፕሮፋይልሽ ላይ ማረጋገጫ ካልሰጠሽ ማመልከቻሽ ውድቅ ይሆናል፣ ሃል ቲኬትም (የፈተና መግቢያ ወረቀት) የለም። ዓመት ተዘጋጅቶ በዚህች የሚቀር ሰው አለ።

ስለ ወንድምሽ፤ አይችልም። የኦሲአይ ካርድ ቪዛ ያስቀራል እንጂ ዜግነት አይደለም። የህንድ የዜግነት ሕግ ለካርዱ ባለቤቶች የመንግሥት ሥራ እኩል ዕድል አይሰጣቸውም። የህንድ ዜግነት ልውሰድ ካለ ደግሞ የያዘውን ይተዋል፤ ህንድም ኢትዮጵያም ጥምር ዜግነት አይፈቅዱም። አንቺም አንድ ቀን ለአዲስ አበባ መመላለሻ ብለሽ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ብታወጪ አያሰጋሽም፤ እሱም ዜግነት አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ውሰጂ የሚልሽ ዘመድ ካለ ግን እዚያ ላይ ቁሚ፤ ያኔ ፈተናውም ይቀራል።