የፍቺ ወረቀቴ የት ነው ያለው? ስለ አሜሪካ ካውንቲ መዝገቦች ጥያቄና መልስ

ስለ ፍቺ ወረቀት የሚጠየቅ ካላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የመጣው ከጠበቅኩት በላይ ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ስማችሁን ትቼ መልሻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ፍርድ ቤት ውስጥ በአስተርጓሚነት ስሠራ ብዙ የአገሬ ሰው ከመስኮት መስኮት ሲንከራተት አይቻለሁ፤ የማውቀው ከዚያ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ክፍያዎች ስለሚለዋወጡ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እህቴ፣ ባለቤቴን ለማምጣት አይ-130 አስገብቼ ነበር። አሁን ኢሚግሬሽን ከቀድሞ ባሌ የተፋታሁበትን ማስረጃ ላኪ አለኝ። የተጋባነው አዲስ አበባ ነው፣ የተፋታነው እዚህ ሜሪላንድ። ወረቀቱን ከየት ነው የማመጣው?

ከሜሪላንድ። የት እንደተጋባችሁም ሆነ አሁን የት እንደምትኖሪ እዚህ ላይ ለውጥ የለውም። የፍቺ መዝገብ የሚቀመጠው ውሳኔውን የሰጠው ፍርድ ቤት ዘንድ ነው። በሜሪላንድ ፍቺ የሚያየው የየካውንቲው፣ ማለትም የየወረዳው፣ ሰርኪዩት ኮርት ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሆነ ሮክቪል፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ከሆነ አፐር ማርልቦሮ ትሄጃለሽ።

መጀመሪያ የክስ ቁጥርሽን ፈልጊ። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ «ኬዝ ሰርች» የሚባል ነጻ መፈለጊያ አለ፤ በስም ይሠራል። ከዚያ ክለርኩ (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ያዥ) ቢሮ ሄደሽ «የመጨረሻውን የፍቺ ውሳኔ ሰርቲፋይድ ኮፒ ስጡኝ» በይ። የፍርድ ቤቱ ማኅተምና የክለርኩ ማረጋገጫ ያለበት ማለት ነው። ዝም ብሎ ኮፒ ካወጡልሽ መልሰሽ ጠይቂ። በገጽ 50 ሳንቲም፣ ለማረጋገጫው ደግሞ 5 ዶላር ነው የሚያስከፍሉት። ርቀሽ የምትኖሪ ከሆነ በፖስታም ይሆናል። የሁለታችሁን ስም፣ የክስ ቁጥሩን፣ የተፋታችሁበትን ዓመት ጽፈሽ፣ የመታወቂያ ኮፒና መኒ ኦርደር ጨምረሽ ትልኪያለሽ። አድራሻሽ የተጻፈበት፣ ቴምብር የተለጠፈበት ባዶ ፖስታም አብሮ ይሁን። እሱን የረሳ ሰው ሲጠብቅ ይከርማል።

የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ላይ ያለው የመጨረሻ ቀን ግን አይራዘምም። ክለርኩ አዘገየብኝ ብትይ የሚሰማሽ የለም። በአካል መሄድ ከቻልሽ ፖስታ አትጠብቂ። የምትልኪላቸው ፎቶ ኮፒውን ነው፤ ማኅተም ያለበትን ራስሽ ጋ አስቀምጪ። ባለቤትሽም ከዚህ በፊት አግብቶ ከነበረ የእሱንም ፍቺ ማሳየት አለባችሁ። ብዙ ሰው የራሱን ብቻ ልኮ ሁለተኛ ደብዳቤ ይመጣበታል።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ ለዜግነት ማመልከቻ ከስቴቱ አንድ ገጽ የፍቺ ሰርቲፊኬት አወጣሁ። ይበቃኛል? ደግሞስ ፍርድ ቤቴ አሌክሳንድሪያ ነው ወይስ ፌርፋክስ?

ሁለቱም ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰርቲፊኬቱ መፋታትህን፣ ቀኑንና ቦታውን የሚናገር አጭር ወረቀት ነው። ዲክሪው ደግሞ ዳኛው የፈረሙበት ሙሉ ውሳኔ ነው፤ ልጅ፣ ንብረት፣ ቀለብ፣ የስም ለውጥ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ለዜግነት የሚፈለገው ዲክሪው ነው፤ እሱን ያዝ። የሰርቲፊኬቱ ጥቅም ሌላ ነው። ቨርጂኒያ ከ1918 ወዲህ ያሉ ፍቺዎችን በስቴት ደረጃ ስለያዘች፣ የትኛው ፍርድ ቤት እንደፈረደ የጠፋበት ሰው ከዚያ ያገኘዋል። ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው) ቢሮም ያወጡታል። 25 ዓመት እስኪሞላው ለባለጉዳዩና ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ ነው የሚሰጠው።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተማ ሆኖ የካውንቲ አካል ያልሆነ አለ። አሌክሳንድሪያ አንዱ ነው፣ የራሱ ሰርኪዩት ኮርት አለው። ግን የፖስታ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ብዙ ሰፈሮች በእርግጥ ያሉት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ስለዚህ አድራሻህን አይተህ አትወስን። የድሮ የፍርድ ቤት ደብዳቤ ካለህ ራስጌውን እይ። ፎልስ ቸርች ከተማ የነበራችሁ ደግሞ ወደ አርሊንግተን ሰርኪዩት ኮርት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በቨርጂኒያ «ፍሮም ቤድ ኤንድ ቦርድ» የሚባል ውሳኔ አለ። ባልና ሚስት ተለያይተው እንዲኖሩ ይፈቅዳል እንጂ ጋብቻውን አያፈርስም። ወረቀትህ ላይ ይህ ሐረግ ካለ ከማመልከትህ በፊት ጠበቃ አማክር።

ከሲያትል፦ ኪንግ ካውንቲ ሄጄ «በስምሽ ፍቺ የለም» አሉኝ። ግን ተፋትቼ ወረቀቱንም በእጄ ይዤ ነበር፤ ቤት ስቀይር ጠፋብኝ። ችሎት ቀርቤ ግን አላውቅም፤ ፎርም የሚሞላ ሰው ነው ሁሉንም የጨረሰልን።

«ችሎት ቀርቤ አላውቅም» ያልሽው ነው ፍንጩ። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ የትም ካውንቲ ብትኖሪ በፖስታ ፍቺ የሚቀበል ሊንከን የሚባል ትንሽ ካውንቲ አለ። ፍርድ ቤቱ ያለው ዳቨንፖርት ከተማ ነው፣ በስቴቱ ምሥራቃዊ ክፍል። ዋኪያከም የሚባለውም እንዲሁ ያደርጋል። ፎርም ሞይዎች ርካሽና ቀላል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ወደዚያ ይልኩታል። ሰዉም ፈርሞ ስለሚወጣ የት እንደተፋታ እንኳ አያውቅም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ሊንከን ካውንቲ ክለርክ ጋ እደውላለሁ።

እዚያም ከሌለ የስቴቱ ጤና መምሪያ ከ1968 ወዲህ ያሉ ፍቺዎች ሰርቲፊኬት አለው። እሱ ካውንቲውን ይነግርሻል፤ ከዚያ ዲክሪውን ከካውንቲው ሱፒሪየር ኮርት ክለርክ ታዢያለሽ። ለሰርቲፋይድ ኮፒ የመጀመሪያው ገጽ 5 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ያለው በገጽ 1 ዶላር ነው።

ከዳላስ አካባቢ፦ ካውንቲ ክለርክ ጋ ሄጄ «እኛ ጋ አይደለም» ብለው መለሱኝ። በስሜ ፈልጌም ኢንተርኔት ላይ አላገኘሁም።

ቴክሳስ ውስጥ ካውንቲ ክለርክና ዲስትሪክት ክለርክ የተለያዩ ቢሮዎች ናቸው። ጋብቻው ካውንቲ ክለርክ ጋ፣ ፍቺው ዲስትሪክት ክለርክ ጋ ነው። አጠገብ ላጠገብ ሊሆኑም ይችላሉ፣ መስኮቱ ግን ሌላ ነው። ስቴቱም ከ1968 ጀምሮ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይሰጣል፤ በውሳኔው ቦታ ግን አይተካም።

ስምህ ያልተገኘው ምናልባት አጻጻፉ ተለያይቶ ነው። ይህ የእኛ ሰው የዘወትር ጣጣ ነው። ጸጋዬን አንዱ በ«ቲ ኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው «ቲ» ብቻ ያደርገዋል። ኃይለን በ«ኤ አይ»ም በ«ኤ ዋይ»ም የጻፈ አለ። «ገብረ» እና «ወልደ» አንዴ ተነጥለው፣ አንዴ ተጣብቀው ይገባሉ። ከዚህ የሚብሰው የአባትና የአያት ስም ነው። አመልካቹ የአባቱን ስም «ላስት ኔም» አድርጎት ሊሆን ይችላል፣ ወይም የአያቱን። መጀመሪያ ስትመጣ ቪዛህ ላይ «ኤፍ ኤን ዩ» (የመጀመሪያ ስም አይታወቅም ማለት ነው) የሚል ከነበረም መዝገቡ በእሱ ስር ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ሞክር። ካልሆነ በቀድሞ ባለቤትህ ስም ፈልግ፤ የሁለታችሁም ስም ያው መዝገብ ላይ ነው ያለው።

ከላስ ቬጋስ፦ ወንድ ነኝ። የቀድሞ ሚስቴ «ጨርሼዋለሁ» አለችኝ። ኢንተርኔት ላይም «ኬዝ ክሎዝድ» ይላል። አሁን ላገባ ነው። ይበቃል አይደል?

አይበቃም፣ ወንድሜ። ሠርጉን ትንሽ ግፋው። «ክሎዝድ» ማለት መዝገቡ ተዘግቷል ማለት ብቻ ነው። የተዘጋው ዳኛው ፍቺውን ፈርደው ሊሆን ይችላል፤ ከሳሿ ጉዳዩን ስላልተከታተለች ተሰርዞም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከሆነ አንተ ዛሬም ባለ ትዳር ነህ። አሁን የምትፈጽመው ጋብቻም በሕግ ፊት አይቆምም። ይህ የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ነው፣ አዲሷ ሚስት ኢሚግሬሽን ፊት ስትቀርብ።

የዝርዝር መዝገቡን ከፍተህ በዳኛ የተፈረመ «ዲክሪ ኦፍ ዲቮርስ» ገብቶ እንደሆነ እይ። «ዲስሚስድ» የሚል ካየህ ፍቺ የለም። ካልገባህ የክላርክ ካውንቲ ዲስትሪክት ኮርት ክለርክን «ፋይሉ ውስጥ የመጨረሻ ዲክሪ አለ ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ካለ ሰርቲፋይድ ኮፒ አውጣ።

ይህን የሚያነቡ የሌላ ስቴት ሰዎችም ቀኑን ልብ ይበሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሁለቱም ይግባኝ አንልም ብለው ካልፈረሙ በቀር ፍቺው የሚጸናው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ቴክሳስም ከፍቺ በኋላ ሌላ ሰው ለማግባት በመደበኛው 30 ቀን ያስጠብቃል።

ከሎስ አንጀለስ፦ ልጄ፣ እኔ 66 ዓመቴ ነው። ከባለቤቴ ጋር በ1994 ተፋታን። ሶሻል ሴኩሪቲ በእሱ በኩል ታገኛለሽ አሉኝ። ግን የፍቺውን ወረቀት አምጪ ይላሉ።

እማማ፣ እውነታቸውን ነው። ጋብቻው ቢያንስ 10 ዓመት ከቆየ፣ እርስዎም አሁን ባል ከሌለዎት፣ ከ62 ዓመት ጀምሮ በቀድሞ ባለቤትዎ የሥራ ታሪክ መጠየቅ ይችላሉ። ሊደርስዎት የሚችለው የእሱ ሙሉ ጡረታ እስከ ግማሽ ድረስ ነው። በራስዎ ሥራ የሚያገኙት ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ የራስዎ ይከፈልዎታል። ከእሱ ላይ አንድ ሳንቲም አይቀነስም፤ ስለዚህ ይሉኝታ አይያዝዎት።

አሥሩ ዓመት የሚቆጠረው ከሠርጉ ቀን ፍቺው እስከ ጸናበት ቀን ነው። ተለያይታችሁ የኖራችሁበት ጊዜም ይቆጠራል። ዲክሪው የሚያስፈልገውም ለዚያ ቀን ነው። የኢትዮጵያ የጋብቻ ወረቀት ካለዎት እሱንም ያዘጋጁ።

በካሊፎርኒያ ወደ ስቴቱ አይጻፉ። ስቴቱ ያለው ከ1962 እስከ ሰኔ 1984 ያለው ብቻ ነው፤ የእርስዎ እዚያ የለም። የሚሄዱት ወደ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሱፒሪየር ኮርት ነው። የ1994 መዝገብ ከማከማቻ መውጣት ሊኖርበት ስለሚችል በዚያው ቀን ላይሰጥዎት ይችላል። ለሰርቲፋይድ ኮፒው 15 ዶላር ነው። መክፈል ካልቻሉ የክፍያ ነጻ ፎርም እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። አስተርጓሚም ይጠይቁ፣ በስልክ የሚያቀርቡ ብዙ ናቸው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አብሮዎት ቢሄድ ደግሞ ይቀላል።

ከኒውዮርክ፦ የማገባው ሰው «ተፋትቻለሁ» ይለኛል። ሳላስታውቀው መዝገቡን ማየት እችላለሁ?

እዚያ አትችይም። ኒውዮርክ የፍቺ ፋይልን ለ100 ዓመት ትዘጋዋለች፤ የሚያዩት ተፋቺዎቹና ጠበቆቻቸው ናቸው፣ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያለው። በብዙ ሌሎች ስቴቶች ውሳኔው ክፍት ነው፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብና የልጆች ጉዳይ ግን ተሸፍኖ ነው የሚወጣው።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ወረቀቱን እሱ ያምጣ። በእውነት የተፋታ ሰው ካውንቲ ክለርክ ጋ ሄዶ ማውጣት አይከብደውም። ኒውዮርክ ውስጥ ፍቺ የሚፈርደው «ሱፕሪም ኮርት» ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ እዚያ ስቴት ተራው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ፋይሉን የሚይዘው የካውንቲው ክለርክ ነው።

ብዙዎቻችሁ፦ ኢንተርኔት ላይ «የማንንም ፍቺ በአምስት ደቂቃ» የሚሉት እውነት ናቸው?

የሚሸጡላችሁ ከሕዝብ መዝገብ የለቀሙትን መረጃ ነው። ሰርቲፋይድ ኮፒ ሊሰጧችሁ አይችሉም፣ ማኅተሙ የፍርድ ቤቱ ነው። ካውንቲውን ለመገመት ይረዱ ይሆናል፣ ለዚያ ግን ክለርኩ ጋ መደወል በነጻ ነው። «ፔሰር» የሚባለው የፌደራል ፍርድ ቤቶች መፈለጊያም ለዚህ አይሆንም። ፍቺ የስቴት ጉዳይ ነው።

ከአትላንታ፦ የተፋታሁት ኢትዮጵያ ነው፣ በሽማግሌ። የሽማግሌዎቹ ፊርማ ያለበት ወረቀት አለኝ። አሜሪካ ይቀበለዋል?

ያ ብቻውን ያስቸግርሻል። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ 213፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥቷል። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያስማማል፤ ጋብቻውን ግን አያፈርስም። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የአካባቢሽን አጣሪ። ስምምነታችሁ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጸድቆ ከነበረ ውሳኔው መዝገብ ቤት አለ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ሰጥተሽ ዘመድ ያወጣልሻል። ትርጉሙ ሙሉ መሆን አለበት፤ ተርጓሚውም ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል እንደሆነ ጽፎ ይፈርማል። ቀኑን ወደ ፈረንጅ ሲመልስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት መሆኑን አይርሳ። እዚህ ላይ የተሳሳተ ቀን ከሌሎች ፎርሞችሽ ጋር ይጣላል።

ከሚኒያፖሊስ፦ የእኔ ተቃራኒው ነው። እዚህ ተፋትቼ አዲስ አበባ ላገባ ነው። ዲክሪውን ብቻ ይዤ ልሂድ?

ዲክሪውን ብቻ ይዘህ ብትሄድ ሊመልሱህ ይችላሉ። ወረቀቱ መረጋገጥ አለበት። የተለመደው መንገድ መጀመሪያ የስቴቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት፣ ቀጥሎ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በመጨረሻ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ነው። ከመጀመርህ በፊት ኤምባሲው አሁን የሚጠይቀውን ደውለህ አረጋግጥ። ለክለርኩም «ለውጭ አገር ነው የምፈልገው» በለው፤ የትኛው ዓይነት ማረጋገጫ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ሁለት ኮፒ አውጣ። ስካን ለማድረግ ብለህ ደግሞ ስቴፕሉን አትንቀል፤ የተነቀለ ወረቀት ገጽ ተቀይሮበት ይሆናል ብለው ሊመልሱት ይችላሉ፣ ያኔ እንደገና ከካውንቲው ትጀምራለህ።