ከጃንጥላ ጥገና እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት

ከባለሱቅነት ተነሥቶ አውስትራሊያን የመራ ሰው አለ ወይ ብለው ለጠየቁት፣ አዎ፣ ቢሊ ሂዩዝ ነው። በ1862 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለንደን ውስጥ ከዌልስ ተወላጆች የተወለደው ሂዩዝ፣ በ1884 ወደ አውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ተሰድዶ ብዙ ከተንከራተተ በኋላ፣ በሲድኒው የሠራተኞች ሰፈር በባልሜይን ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ጃንጥላ እየጠገነ፣ የፖለቲካ በራሪ ጽሑፎችም እየሸጠ ይተዳደር ነበር፤ ባለቤቱም የሰው ልብስ እያጠበች ትደጉመው ነበር። ለእኔ እውነተኛው ትምህርት ቤቱ ያቺ ሱቅ ናት። በ1894 ሲድኒ የምትገኝበት የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ በ1901 ደግሞ የመጀመሪያው ፌዴራል ፓርላማ አባል ሆነ። በ1915 ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሆንም፣ በግዳጅ የውትድርና ምልመላ ላይ በ1916 ያስደረገው ሕዝበ ውሳኔ ሳይሳካለት ቀርቶ የራሱ ፓርቲ ሌበር (የሠራተኞች ፓርቲ) ለሁለት ተከፈለ፤ እርሱ ግን ወደ ሌበር ተቀናቃኞች ጎራ ተሻግሮ እስከ 1923 በሥልጣን ቆይቷል።