የተሰፋ ነርቭ፣ እብጠቱና የመከላከያ ሕዋሳት ሥራ

ሰላም እህቴ። ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ወንድምዎ በአጨዳ ላይ እጁን ማጭድ ቆርጦት ነርቩ ከተሰፋ ዐሥር ቀን እንደሆነው፣ ጣቶቹ እንደደነዘዙ መሆናቸውንና ስፌቱ ዙሪያ ጥቂት እብጠት እንዳለ ጽፈዋል፤ «የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቭ ይበላል ወይስ ያድናል?» ሲሉም ጠይቀዋል። እኔ ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ የማስተምር ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ጫጫ አጠገብ ባለው የአባቴ ማሳ ላይ በደቦ ገብስ ስናጭድ ማጭዱ የግራ እጄን አንጓ ቆርጦ እስከ ነርቩ ዘልቆ ስለነበር፣ የምጽፍልዎ ከመጽሐፍም ከገዛ እጄም የተማርኩትን ነው።

መልሱ ሁለቱንም ያደርጋል የሚል ነው፤ እንዲያውም ማዳኑ የሚጀምረው በመብላት ነው። ነርቭ ሲቆረጥ ከቁርጡ በታች ወደ ጣት የሚወርደው ክር ይሞታል። ይህን ኦገስተስ ዋለር የተባለ እንግሊዛዊ በእንቁራሪት ምላስ ነርቮች ላይ አጥንቶ በ1850 እ.ኤ.አ. አሳውቋል። ክሩን ሸፍኖት የነበረው ማይሊን የተባለ ቅባታማ ልባስ ሲፈራርስ አዲስ የሚበቅለውን ክር መንገድ ስለሚዘጋበት መጠረግ አለበት። ከዋነኞቹ ጠራጊዎች መካከል ማክሮፋጅ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ይገኛሉ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከደም እየወጡ ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ፣ ፍርስራሹንም ይውጣሉ። እብጠቱ በከፊል የዚህ ሥራ ምልክት ነው።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ከጠረጋው ጋር አብሮ የሚሠራው ሌላው ሥራ ነው። ማክሮፋጆቹ ኢንተርሉኪን-1 የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን ሲለቁ፣ በነርቩ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሕዋሳት መልእክቱን ተቀብለው ኤንጂኤፍ የተባለውን የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን በብዛት ማምረት ይጀምራሉ፤ ይህም በ1987 እ.ኤ.አ. በአይጥ ነርቭ ላይ ታይቷል። ማክሮፋጆች በሁለቱ የነርቭ ጫፎች መካከል ኦክስጅን ማነሱንም ያውቃሉ፤ ያን ጊዜ የደም ሥር የሚያሳድግ ፕሮቲን ያመነጫሉ፣ አዲሶቹ ቀጫጭን የደም ሥሮች ክፍተቱን ይሻገራሉ፣ ሽዋን የተባሉት የነርቭ ደጋፊ ሕዋሳት በእነዚያ ላይ ተንተርሰው ያልፋሉ፣ የነርቩም ክር እነርሱን ተከትሎ ይሄዳል። (ኤንጂኤፍን ካገኙት አንዷ ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ናቸው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ የዶሮ ሽል እያጠኑ የቆዩት እኚህ ሴት በ1986 እ.ኤ.አ. ከስታንሊ ኮኸን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ለተማሪዎቼ ቤተ ሙከራ የለንም እንዳይሉ የምነግራቸው ታሪክ ነው።) ማስት ሴል የሚባሉት፣ በአለርጂ የምናውቃቸው ሕዋሳትም ኤንጂኤፍን ራሳቸው አምርተው ያከማቻሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቲ ሴልና ቢ ሴል የሚባሉት የሰው የመከላከያ ሕዋሳት ቢዲኤንኤፍ የተባለውን ሌላ የነርቭ ማሳደጊያ እንደሚያመነጩ ታወቀ፤ ከዚያ በፊት እነዚህ ሕዋሳት በነርቭ አካባቢ ሲታዩ ለጥፋት ብቻ እንደመጡ ይታሰብ ነበር።

ይህ ማለት ግን እብጠት በሞላ መልካም ነው ማለት አይደለም። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ጉዳዩ የጀርም ነውና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ሐኪሙ ያዘዘውንም መድኃኒት እኔ በጻፍኩት ምክንያት እንዳያቋርጥ።

ወደፊት ስለሚመጣው ሕመም አስቀድመው ቢያውቁ ይሻላል፤ እኔን የነገረኝ ስላልነበረ ነርቩ የተበላሸ መስሎኝ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ነርቩን የሚያሳድገው ያው ኤንጂኤፍ የሕመም ነርቮችን እጅግ ስሜተ ስስ ያደርጋቸዋል። በርበሬ የሚያቃጥለን ነርቮቻችን ላይ ባለ አንድ ተቀባይ በኩል ሲሆን ኃይለኛ ሙቀትንም የምንለየው በእርሱው ነው፤ ኤንጂኤፍ ይህን ተቀባይ ስለሚያነቃው ለብ ያለ ውኃ እንደፈላ ሊሰማ ይችላል። ታኔዙማብ የተባለ ኤንጂኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ለመገጣጠሚያ ሕመም ተሞክሮ ሕመሙን ቢቀንስም፣ የአንዳንድ ታካሚዎች መገጣጠሚያ በፍጥነት ስለተበላሸ በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራው ተቋርጧል። በሌላ በኩል የኤንጂኤፍ ተቀባያቸው ከልደት ጀምሮ የተበላሸ ሰዎች ሕመም አይሰማቸውም፣ አያልባቸውምም፤ ሳያውቁት ራሳቸውን ይጎዳሉ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ነርቭ በቀን በአማካይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ከእጄ አንጓ እስከ ጣቴ ጫፍ ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ስድስት ወር ያህል፣ ለመነሻ የሚባክነው ሳምንት ሲጨመር ደግሞ ከዚያ በላይ መጠበቅ ነበረብኝ። ሐኪሙ መዳፌን በጣቱ ጫፍ ቀስ እያለ ሲመታ አንድ ቦታ ላይ ወደ ጣቶቼ ይነዝረኝ ነበር፤ ነርቩ የደረሰው እዚያ መሆኑን ነገረኝና በየወሩ ቦታውን በእስክሪብቶ እያመለከትኩ ቀኑን ደብተር ላይ እጽፍ ጀመር። ምልክቱ ወደ ጣት ሲገፋ ማየት ከማንኛውም ማጽናኛ በልጦብኛል።

እስከዚያው ድረስ የደነዘዘውን እጅ ከእሳት ይጠብቁለት። ጎረቤት «ፍም ላይ አሙቀው» ቢል እሺ አይበሉ፤ እኔ ጀበና በግራ እጄ አንስቼ መቃጠሌን ያወቅኩት ቆዳው ሲላጥ ነው። ብርዱም ይፈትነዋል፤ በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ጣቶቼን ዛሬም ስለሚጠዘጥዘኝ ያለ ሱፍ ጓንት አልወጣም። የእጅ ሰዓት ማሰርም፣ ቁልፍ መቆለፍም፣ ማጭድ መያዝም ተመልሶልኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ኪሴ ውስጥ ያለውን የአንድ ብርና የሃምሳ ሳንቲም ዝርዝር በግራ ጣቶቼ መለየት ግን እስካሁን አልቻልኩም።